ሁለት ጥፍር ወደ እኔ

አባቴ «ሬዲዮ» ነው የሚለኝ። ይለኝ ነበር። በስሜ የሚጠራኝ ሲቆጣ ብቻ ነው፤ ሌላውን ጊዜ «ሬዲዮ፣ ውሃ አምጪልኝ»፣ «ሬዲዮ፣ መነጽሬን የት አደረግሽው» ነው። መዝጊያ የላትም ማለቱ ነው። እናቴም ታግዘዋለች፤ ሌላው ልጅ ሲወለድ ያለቅሳል፣ ይቺ ግን ወሬ ይዛ ነው የመጣችው ትላለች። እሺ፣ አወራለሁ። አልክድም።

አባቴ የሚሠራው ኮረብታው ላይ፣ ከታወሩ ሥር ባለችው ቤት ውስጥ ነው። የከተማችን አራት የሬዲዮ ጣቢያዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ማሰራጫ አላቸው፣ አንቴናው ግን አንድ ነው። አራቱ ሳይጋጩ አንዱን አንቴና እንዲጋሩት መሀል ላይ ማገናኛ አለ። ማገናኛ ማለት አራት የመዳብ ጣሳዎች ናቸው፣ ተደርድረው የቆሙ፣ እያንዳንዳቸው እስከ ወገቤ የሚደርሱ። እያንዳንዷ ጣሳ የራሷን ጣቢያ ታሳልፋለች፣ የሌላውን አታስገባም። ችግሩ ሙቀት ነው። ጠዋት በቅዝቃዜው የተቃኘች ጣሳ ቀትር ላይ ትነፋለች። የምትነፋው የፀጉር ውፍረት ያህል ነው፣ ግን ይበቃል፤ የራሷንም ጣቢያ መመለስ ትጀምራለች። የተመለሰው ኃይል ወደ ማሰራጫው ይሄዳል፣ ማሰራጫውም እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ያጠፋል። እናንተ ዘፈኑ መሀል ላይ ሲቆረጥባችሁ ሬዲዮውን በጥፊ ትመቱታላችሁ። ሬዲዮው ምንም አላደረገም።

ያ እንዳይሆን ነው አባቴ ሃያ አንድ ዓመት እዚያ የቆመው። በየጣሳው መሀል ከፊት እስከ ኋላ የሚያልፍ ዘንግ አለ፣ ጫፉ በሁለቱም በኩል ይወጣል። አባቴ ሙቀቱን ያያል፣ የተመላሹን ኃይል መርፌ ያያል፣ ከዚያ ዘንጉን ትንሽ ይስባል ወይ ትንሽ ይገፋል። «ትንሽ» ሲባል የጥፍር ውፍረት ነው። መለኪያውም እሱ ነው፣ የራሱ የአውራ ጣት ጥፍር። ደብተሩ ላይ «ቀትር፣ ሁለተኛዋ፣ ሁለት ጥፍር ወደ እኔ» ብሎ ይጽፋል። ማታ ሲቀዘቅዝ «አንድ ጥፍር ከእኔ»። ሃያ አንድ ዓመት፣ አሥራ ዘጠኝ ደብተር። መሥሪያ ቤት ውስጥ ጋሽ ጣሳ ነው የሚሉት። ደስ ይለዋል መሰለኝ፣ አንዴም ተቆጥቶ አያውቅም።

ከዚያ ማሽኗ መጣች።

ማሽኗ ጣሳዎቹን በራሷ የምትቃኝ ናት። አራት ትንንሽ ሞተሮች ከፊት ያሉት የዘንግ ጫፎች ላይ ይታሰራሉ፣ አንድ ሳጥን ሙቀቱንና ተመላሹን እያነበበ ሞተሮቹን ያዛቸዋል። አለቃው አባቴን ቢሮ ጠርቶ አስቀመጠውና ሻይ አዘዘለት። አባቴ ሻዩን ሲያይ ገባኝ አለ፤ ያ ሰውዬ በሃያ አንድ ዓመት ሻይ አዝዞለት አያውቅማ። የሙከራ ጊዜው ሁለት ሳምንት ነው ተባለ። ማሽኗ በሁለተኛው አርብ የሰው እጅ ሳይነካት አራቱንም ይዛ ከተገኘች አባቴ ይሰናበታል። ካልያዘች ወደ መጣችበት ሳጥን ትመለሳለች፣ እሱም ባለበት ይቀጥላል። ነገሩ ይኸው ነበር፣ ከዚህ በላይም ከዚህ በታችም የለም። አባቴ ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው። እናቴ ያን ቀን ድስቱን እያማሰለች፣ ሌላ ቦታ ጣሳ ቃኚ ፈላጊ የለም፣ ምን ሊሆን ነው አለች። ለእኛ አልነበረም የምትናገረው፣ ለድስቱ ነው።

እኔ እዚህ ውስጥ የገባሁት በደብተሮቹ ነው። ማሽኗ ከዜሮ ተነስታ መፈለግ አትችልም፤ ብዙ ከሄደች የጎረቤቷን ጣቢያ አግኝታ የራሷ ይመስላታል። ስለዚህ በዚህ ሙቀት ዘንጉ በግምት እዚህ ጋ ነው የሚል መነሻ ይሰጣታል፣ እሷ በዚያ ዙሪያ ብቻ ነው የምታስሰው። መነሻው ያለው ደግሞ የአባቴ ደብተር ውስጥ ነው። የአባቴን ጽሑፍ ማን ያነባል? የዶሮ ጭረት ነው። ከእኔ በስተቀር። ማትሪክ ተፈትኜ ውጤት እየጠበቅሁ ቤት ተጎልቼ ነበርና «ሬዲዮዋን ላምጣላችሁ፣ ታነብላችኋለች» ብሎ ራሱ ወሰደኝ።

ማሽኗን የሚተክለው ኢንጂነር ቀጭን ነው፣ ረጅም፣ ጭንቅላቱ ትንሽ። በመጀመሪያው ቀን ምስማር አልኩት፣ በሦስተኛው ቀን ፊት ለፊቱ አልኩት፣ ሳቀ። ክፉ ሰው ቢሆን እንዴት ጥሩ ነበር። ብስኩት ያካፍለኛል፣ አባቴን ጋሼ ይለዋል፣ የአባቴን የአውራ ጣት ጥፍር ውፍረት በመለኪያ ሲለካ እጁን እንደ ሐኪም ቀስ አድርጎ ነው የያዘው። ግማሽ ሚሊሜትር ከምናምን ወጣ። «ወደ እኔ» የሚለውን ወደ ፊት፣ «ከእኔ» የሚለውን ወደ ኋላ ብለን ተስማማን። እኔ አነባለሁ፣ እሱ ኮምፒውተር ላይ ይመታል። የቅርቦቹን ስድስት ደብተሮች አራት ቀን ሙሉ አነበብኩ። በየመሀሉ ያላወራሁት ነገር የለም፤ የፈተናውን፣ የጎረቤታችንን ውሻ፣ እናቴ አባቴን ያገባችው ሌላ ሰው መስሏት እንደሆነ፣ ሁሉንም። እሱ ይስቃል፣ ይመታል። ያን ጊዜ የአባቴን እንጀራ እያነበብኩ እንደምሰጥ አልታየኝም። ማንበብ ነው፣ ማንበብ ምን ክፋት አለው።

ማሽኗ በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ተነሳች። ሦስቱን ጣሳዎች እንደ ቅቤ አደረገቻቸው። አራተኛዋን ግን እምቢ አለች። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ሞተሩ ትር ትር ይላል፣ ተመላሹ ይወጣል፣ አራተኛው ማሰራጫ ይጠፋል። አራተኛው የሙዚቃው ጣቢያ ነው፣ ቀትር ላይ የሰላምታ ዘፈን የሚያስመርጡበት። ማክሰኞም ጠፋ። ረቡዕም። በየቀኑ አባቴ ከኋላ ይገባና፣ ከፊት በኩል ሞተር ስለታሰረ አሁን የግድ ከኋላ ነው፣ በእጁ ያስተካክላታል። ምስማር ሽቦ ቀየረ፣ ሞተር ቀየረ፣ ሳጥኑን ፈታ። ደብተሩ ይሆን እንዴ የተሳሳተው ብዬ ስጠይቀው፣ ደብተሩ አይሳሳትም፣ ሦስቱን ያስተማራት እሱ አይደል እንዴ አለኝ።

ቤታችን ውስጥ ተስፋ ገባ። ማንም ስሙን አልጠራውም፣ ግን እናቴ የተሸነቆረውን መጋረጃ አውርዳ ሰፋችው። አባቴ ረቡዕ ማታ ሁለቴ አስጨምሮ በላ። ሐሙስ ማታ እኔ የምስማርን አረማመድ ሳሳያቸው እናቴ እስኪያንቃት ሳቀች። አባቴ አልሳቀም። ሳህኑን ገፋ አድርጎ አየኝና፣

«ነገ እዚያ ስትሄጂ ትንሽ ዝም በይ» አለኝ።

እኔ ደግሞ የዘወትሩ ቀልድ መሰለኝ። «ባትሪዬን አውጣዋ» አልኩት። እሱም ተወው።

አርብ አለቃው በዘጠኝ ሰዓት መጥቶ ሊያይ ነው። በሰባት ሰዓት ሙዚቃው እንደገና ጠፋ፣ ምስማርም እጁን ሰጠ። ማሽኗ የመጣችበትን ሳጥን ከጓሮ አምጥቶ ከፈተው፣ ማሸጊያ ፕላስተር አወጣ። ፊቱ ወድቋል። አዘንኩለት። እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኛል ግን አዘንኩለት፣ ሁለቱም አንድ ላይ ይሆናል። ላስቀው ፈለግሁ። ስለዚህ የአባቴን ቦርጭ አወራሁለት።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት የማሰራጫዎቹን ትልቅ ማቀዝቀዣ አምጥተው ከአራተኛዋ ጣሳ ፊት ተከሉት። በማቀዝቀዣውና በጣሳዋ መሀል ያለው ክፍተት ለምስማር ሞተር ይበቃል፣ ለአባቴ ቦርጭ ግን አይበቃም። በመጀመሪያው ቀን ሊገባ ሲሞክር ተቀርቅሮ ቀረ፣ ዘበኛው ነው በቀበቶው ጎትቶ ያወጣው። ከዚያ ወዲህ አራተኛዋ ላይ ሲሆን በኋላ ይዞራል፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ፣ ሸሚዙ ሁሌ ኖራ በኖራ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ እናቴም ጋሽ ጣሳ ሳይሆን ጋሽ ኖራ ነው መባል ያለበት ትላለች። ይሄን ሁሉ ተነስቼ በሆዴ እያሳየሁ ነው የነገርኩት።

ምስማር አልሳቀም። ፕላስተሩ እጁ ላይ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ከኋላ ነው የሚቆመው?» አለኝ። «ደብተሩን ሲጽፍም?»

አፌ ክፍት ነበር። መልሱ ገና ሳይወጣ አወቅሁት። ከኋላ የቆመ ሰው «ወደ እኔ» ካለ፣ ያው ዘንግ በእኛ በኩል ወደዚያ ነው የሚሄደው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የአራተኛዋ «ወደ እኔ» የሌሎቹ «ከእኔ» ነበር። ኖራውንም አውቀዋለሁ፣ ደብተሩንም አውቀዋለሁ፣ አንድም ቀን አገናኝቼ አላየኋቸውም። ዞር ስል አባቴ በሩ ላይ ቆሟል፣ የሦስታችንን ሻይ ይዞ።

መዋሸት እችል ነበር። አላውቅም ማለት እችል ነበር፣ ሞተሩ ከታሰረ ወዲህ ብቻ ነው ማለት እችል ነበር። አባቴን ነው ያየሁት።

አባቴ ሻዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ አንዱን ብርጭቆ ወደ ምስማር ገፋ አደረገለት።

«ከኋላ ነው የምቆመው፣ ልጄ» አለ። «ማቀዝቀዣው ከመጣ ጀምሮ።»

ምስማር ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠ። የአራተኛዋን ቁጥሮች በሙሉ ገለበጣቸው። አንዲት የመቀነስ ሰረዝ ናት የጨመረው፣ አንዲት። ሞተሩ ትር አለ፣ ቆመ፣ ትንሽ ተመለሰ፣ ቆመ። የተመላሹ መርፌ እየወረደ እየወረደ ዜሮ ላይ ተኛ። ግድግዳው ላይ ባለችው ድምፅ ማጉያ ዘፈኑ ከመሀሉ ጀመረ። ምስማር ዞር ብሎ «ጋሼ፣ ይቅርታ» አለ። አባቴ ማሽኗን እያየ ነበር። እሱ ወደ ሦስት ጊዜ ነካክቶ የሚያገኘውን እሷ በአንዴ አገኘችው። ጥሩ አድርጋ ትቃኛለች አለ፣ ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ።

አለቃው በዘጠኝ ሰዓት መጣ፣ አራቱንም መርፌ አየ፣ ጨበጠን። እኔንም ጨበጠኝ። ጎበዝ ልጅ ነሽ፣ በጣም አገዝሽን አለኝ።

ከኮረብታው አብረን ወረድን። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ መቻል አቃተኝ፣ ጠየቅሁት።

«አውቀህ ነበር፣ አይደል? ለምን አልነገርከኝም?»

አንድ መኪና እስኪያልፍ ጠበቀ።

«ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። ጥፋቱን በራሴ ወሰድኩት» አለኝ። «ላንቺ ብነግርሽ ግን ትዋሺልኝ ነበር። እሱን አልፈለግኩም።»

አዎ፣ እዋሽለት ነበር። አሳምሬ።

ይሄ ከሆነ አንድ ወር ሊሞላው ነው። አባቴ ጠዋት በድሮው ሰዓቱ ይነሳል፣ ጫማውን ያስራል፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ እንደታሰረ። ሁለት ቦታ ጠየቀ፤ አንዱ ጋ ምን ትችላለህ ሲሉት ስለ ጣሳዎቹ ነገራቸው፣ የቆርቆሮ ዕቃ መስሏቸው ሰደዱት። ቀትር ላይ የቆርቆሮው ጣሪያ መንጫጫት ሲጀምር አውራ ጣቱ ከሌባ ጣቱ ጋር ትንሽ ትንሽ ይሄዳል፣ ጉልበቱ ላይ። ሁለት ጥፍር። እሱ አያውቀውም። እናቴ ስታየው ተነስታ ወደ ጓዳ ትሄዳለች። ሬዲዮ አንከፍትም፤ የጎረቤቶቹ ግን ይሰማል፣ አራቱም ጥርት ብለው፣ አንድም ቀን ተቋርጠው አያውቁም።

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ኖሮ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። በስሜ ብቻ ይጠራኛል አሁን፣ ለስለስ አድርጎ፣ እንደ እንግዳ ልጅ።

ውጤቴ ትናንት ወጣ። አልፌያለሁ። ሳየው ከወንበሬ ተነስቼ ሳሎን ድረስ ሄድኩ፣ አባቴ ጫማውን አስሮ ተቀምጧል፣ ጣቱ እየሄደች ነው። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ምንም አላልኩትም።