ሠላሳ ሺህ ሠላሳ አንድ

«ለእኔ የማይሰበር ቁጥር ገና ከእናቱ ሆድ አልወጣም!»

አደሴ እንዲህ ያለችው ትናንት፣ የማታ ትምህርት ቤቱ መመዝገቢያ መስኮት ላይ ተደግፋ ነበር። አምስተኛ ክፍልን ጨርሳ ካቋረጠች አራት ዓመቷ ነው፤ የውጤት ካርዷ የት እንደገባ አይታወቅም። ካርድ የሌለው ደግሞ ከአንደኛ ክፍል፣ ፊደል ከሚቆጥሩት ጋር ይጀምራል። «ስድስተኛ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ» አለች። መዝጋቢው መምህር ፈቀደ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋትና በቁራጭ ወረቀት ላይ 30031 ብለው ጻፉ።

«ይህ ቁጥር ከአንድና ከራሱ ሌላ ለስንት ቢካፈል ምንም እንደማይተርፍ ነገ አምጪ። ካመጣሽ ስድስተኛ እጽፍሻለሁ። ነገ መዝገቡ ይዘጋል።»

ዛሬ ከንጋት ጀምራ በምትሠራበት ክር ፋብሪካ ውስጥ፣ ማሸጊያው ጠረጴዛ ፊት ቆማለች። እግሯ ከጉልበቷ በታች የሌላ ሰው ሆኗል። እጇ ብቻ ጥቅል ክር እያነሳ ካርቶን ውስጥ ይደረድራል። ማካፈል በደንብ የገባት እዚሁ ነው፤ ረድፉ እኩል ካልሞላ ካርቶኑ አይታሸግም። ስለዚህ ሠላሳ ሺህ ሠላሳ አንዱን ጥቅል በሐሳቧ ማሸግ ጀመረች።

ሁለት ሁለት አድርጋ ደረደረች፤ አንድ ተረፈ። ሦስት ሦስት፤ አንድ። በአምስትም፣ በሰባትም፣ በአስራ አንድም፣ በአስራ ሦስትም ያችው አንዲት ጥቅል ጠረጴዛው ላይ ቀረች፤ የሚወስዳት የጠፋ ይመስል። በአስራ ሰባት ዘጠኝ ተረፈ። በአስራ ዘጠኝ አስራ አንድ።

«አንቺ ልጅ፣ ካርቶኑ ላይ በእርሳስ ምን ትጭሪያለሽ?» አሏት አጠገቧ የሚያሽጉት እትዬ ኡሙልኸይር።

«ትምህርት ልጀምር ነዋ፣ እትዬ።»

«ቆመሽ እያንቀላፋሽ?»

ሳቋ እንኳ ደከመ። በሃያ ሦስት ሞከረች፤ አስራ ስድስት ተረፈ። የፋብሪካው ትልቁ ካርቶን በረድፍ ሃያ አራት ጥቅል ነው የሚይዘው፤ ከዚያ በላይ የሚደረድር የለም። እርሳሷን ጣለች። ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር ሲያፏጭ የፈረቃው ደወል ተደወለ።

የትምህርት ቤቱ መስኮት ጋ ስትደርስ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ጥላ፣ በቁጥር የተሞላውን የካርቶን ቁራጭ ዘረጋች።

«ቲቸር፣ ይሄ ቁጥር አይሰበርም። ለማንም!»

መምህር ፈቀደ ቁራጩን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። መዝገቡ ፊታቸው ተከፍቷል፤ እስክሪብቷቸው ግን ገና እንደተከደነ ነው።

«በሃምሳ ዘጠኝ ሞክረሽዋል?»

የአደሴ ከንፈር ይንቀሳቀስ ጀመር። ሃምሳ ዘጠኝ በአምስት መቶ... ከዚያ በዘጠኝ... ጣቶቿ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ቆጥረው ቆጥረው ቆሙ። የምትተርፍ ጥቅል የለችም።

«እንዴ! ቲቸር ደግሞ፣ በረድፍ ሃምሳ ዘጠኝ የሚይዝ ካርቶን የት አገር አለ?»

«ቁጥሩ መቼ ካርቶን ውስጥ ክተቺኝ አለሽ?» አሉ መምህር ፈቀደ፣ እስክሪብቷቸውን ከፍተው መዝገቡ ላይ አንደኛ ክፍል ብለው እየጻፉ።