ያልበሰለው ቃለ ጉባኤ

ቡራዩ ውስጥ፣ ከአምቦ መንገድ ወደ ገፈርሳ ገባ ብሎ ካለው የኦቦ ተሾመ ቤት፣ እሑድ እሑድ ሰባት ሰዎች ክብ ሠርተው ዝም ይሉ ነበር። ቄስ የለ፣ መዝሙር የለ፣ ስብከት የለ። አንድ ሰዓት ሙሉ ይቀመጣሉ፤ ልቡ የገፋፋው ብድግ ብሎ ሁለት ቃል ይናገርና ተመልሶ ይቀመጣል። ሰፈርተኛው «ዝምተኞቹ» ይላቸዋል። ቀልደኛው ደግሞ በር ላይ ቆሞ «ዛሬም አልታረቁም?» እያለ ይስቅባቸዋል። እነሱ ራሳቸውን የሚጠሩት «ወዳጆች» ብለው ነው፤ በሌላው ዓለም ኩዌከር ይባላሉ። ኦቦ ተሾመ ይህን መንገድ ያመጡት ኬንያ ውስጥ በነርስነት ከሠሩባቸው ዓመታት ነው። ከሁሉም አጥብቀው የያዙት አንድ ነገር ነበር፦ ወዳጅ በማንም ሰው ላይ መሣሪያ አያነሣም፤ አላነሣም ያለውንም ብቻውን አይተወውም።

በ2008 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ፣ በማስተር ፕላኑ የተነሣው ተቃውሞ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን ከተሞች ሲያዳርስ፣ ይህ ነገር ከቃል ወጥቶ ሰው ሆኖ መጣ። ሰውዬው አማኑ ይባላል። የሱሉልታ ልጅ ነው፣ ሰንዳፋ ሠልጥኖ አምስት ዓመት በፖሊስነት ያገለገለ። ከሚስቱ ከዕድላዊት ጋር ወደ ጉባኤው መምጣት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በዚያ ሰሞን ለሥምሪት ስሙ ሲጠራ፣ ሰው ላይ ስለማልተኩስ ጠመንጃውን ተረከቡኝ አለ። አለቃው ክፉ ሰው አልነበረም። እምነትህ የማይፈቅድልህ ከሆነ የምታመልክበት ቦታ በጽሑፍ ይስጥህ፣ እኔም ክሊኒክ ወይም ጋራዥ እንድትመደብ እጠይቅልሃለሁ፤ እስከ ሐሙስ ካላመጣህ ግን ወይ ጠመንጃህን ትይዛለህ ወይ ትታሰራለህ አለው።

እሑድ ዕለት የደብዳቤው ጥያቄ ለጉባኤው ቀረበ።

ወዳጆች ድምፅ አይሰጡም፣ እጅ አይቆጥሩም። ነገሩ ይነሣል፣ በመካከሉ ዝም ይባላል፣ እንደገና ይነሣል። ጸሐፊዋ የሁሉም ልብ አንድ ላይ ሲያርፍ ስታይ ቃለ ጉባኤውን እዚያው ጽፋ ታነብባለች። አንድ ሰው እንኳ ከከበደው አይጻፍም፤ አልበሰለም ተብሎ ለወር ይቆያል። ማን እንደከበደው አይጠየቅም። ጸሐፊዋም ምን አይተሽ ነው አትባልም።

ጸሐፊዋ የወይንሐረግ ነበረች። አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ ሰበታ ትኖራለች፣ አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰነድ ትተረጉማለች። ባሏ ዘርሁን በ1991 ዓ.ም. ወደ ባድመ ሄዶ አልተመለሰም። የቀድሞ ወታደር የነበረ ይመለስ ሲባል ነው የሄደው፤ ከተጋቡ ስምንት ወራቸው ነበር። ስለ እሱ አታወራም። ወዳጆቹም ያንን ያውቃሉ፣ አይነኩባትም።

የዚያን ዕለት በዝምታው መካከል ዕድላዊት እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት። ከሱሉልታ ለመምጣት ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር የተነሣችው፤ ስድስት ወር ነፍሰ ጡርም ናት። ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራተተ። አማኑ ዐይኑን ሳይገልጥ፣ እንደለመደ ሰው፣ ጫፉን ይዞ መለሰላት። የወይንሐረግ ግን ዐይኗ ተገልጦ ነበር። አየች። ማየቷን መተው አቃታት። ያ እጅ ሳያይ የሚያውቀው ትከሻ ነበረው።

ይህች ልጅ ምን አድርጋ ነው ባሏ የቀረላት? አለች በልቧ። ባለፈው ወር፣ ሥምሪቱ ገና ሲወራ፣ ዕድላዊት ራሷ ነበረች ለሁሉም የነገረቻቸው፦ አማኑ ምን ላድርግ ብሎ ሲጠይቃት «አትሂድ፣ ቢያስሩህም ስንቅ አመላልሳለሁ» እንዳለችው። ቀለል አድርጋ ነበር የተናገረችው፣ ውሃ ቀጂልኝ እንደተባለ ሰው። የወይንሐረግን ያ ቅለቷ ለአንድ ወር እንደ እሾህ ሲወጋት ከርሟል።

ከዝምታው በኋላ ኦቦ ተሾመ ነገሩን አነሡ። ቡራዩ ገበያ በርበሬ የምትነግደው ማሪቱ፣ የጎጃም ሰው ናት፣ ጾሟንም ጉባኤዋንም አትተውም፣ እኔ ብዙ አላውቅም፣ ግን አልገድልም ያለን ሰው ካልደገፍን እሑድ እሑድ እዚህ ተቀምጠን የምናርፈው ለምንድን ነው ብላ ጠየቀች። ሌሎቹም በየተራ እሺታቸውን ሰጡ። ክፍሉ ውስጥ አንድነት ነበር። ለማንም ግልጽ ነበር፣ ለጸሐፊዋም።

የወይንሐረግ ብዕሯን ከደብተሩ ላይ አነሣች።

«አልበሰለም» አለች፣ በዚያ ረጋ ባለ ድምፅዋ። «ሁላችንም አንድ ላይ አይደለንም። ለሚመጣው ወር ይቆይ።»

እያንዳንዱ የከበደው ሌላው ይሆናል ብሎ ራሱን አሳመነ፤ እያንዳንዱም ያን ሌላውን ላለማሳፈር ዐይኑን ወደ መሬት አደረገ። አማኑ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ዕድላዊት ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። በሚመጣው ወር ደብዳቤው ለምንም እንደማይሆን የማያውቅ አልነበረም፤ ግን ሥርዓት ነው።

ታክሲ እስኪመጣ ቆመው ሳለ ማሪቱ ጠጋ አለቻት። «እኔ ምልሽ ወይኒ፣ ዛሬ ወጡ ተንተክትኮ ሳለ ድስቱን ያወረድሽው ምን ሸትቶሽ ነው?» አለቻት። የወይንሐረግ ጸሐፊ አይጠየቅም አለች። ማሪቱም «እሱማ አይጠየቅም» አለችና ወደ ገበያዋ ሄደች።

ሰኞ የሰበታ መንገድ ተዘጋ። ማክሰኞም እንደተዘጋ ዋለ። የወይንሐረግ ሥራ ስላልገባች ቤቷን ስታጸዳ፣ የጸዳውን ስታጸዳ ዋለች። ሐዘኔ ነው አልበሰለም ያሰኘኝ፣ ባልተመለሱት ስም ነው አለች ለራሷ። ቅናት ብልህ ነው፤ ሰው ፊት ሲወጣ የሐዘን ልብስ ይለብሳል። ለራሷ እንኳ ያንኑ ልብስ ለብሶ ቀረበላት።

ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ዕድላዊት ነበረች፤ ጫማዋ አቧራ ለብሷል፣ ከዓለምገና ወዲህ በእግሯ ነው የመጣችው። የወይንሐረግ ልትለምነኝ ነው ብላ ፊቷን አጠነከረች። ዕድላዊት ግን የተሰጣትን ውሃ ጠጥታ ስታበቃ ማመስገን ጀመረች። ባለመቸኮልዎ ጥሩ አደረጉ አለቻት። እሑድ ማታ ከአማኑ ጋር ተነጋግረዋል፤ ጉባኤው ያልተገለጠለትን ነገር እኛ ሁለታችን ብቻ ከየት አመጣነው ተባብለዋል። ምናልባት ፈርተን ይሆናል፣ ፍርሃቱን ኅሊና ብለነው ይሆናል ብላዋለች። እሱም አንገቱን ደፍቶ ሰማት፤ ነገ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጠመንጃውን መልሶ ይረከባል፣ ሐሙስ በጠዋት ይሠማራል።

«እና የመጣሁት ለአንድ ነገር ነው እትዬ» አለች ዕድላዊት። «እርስዎ ባል ሸኝተው ያውቃሉ። እኔ አላውቅበትም። ሻንጣው ውስጥ ምን ምን ይከተታል?»

የወይንሐረግ ከሌላ ሰው አፍ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምታ አታውቅም። ሻንጣውን ታውቀዋለች። ሦስት ሸሚዝ፣ ሁለት ካልሲ፣ ሳሙና፣ ምላጭ፣ ዳቦ ቆሎ። ሸሚዞቹን ስታጥፍ ዘርሁን በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ልሂድ ወይስ ልቅር፣ አንቺ ምን ትያለሽ ብሎ ጠይቋት ነበር። የተማረች ሴት ናት፣ የምትለው አይጠፋትም። «ብትቀር ሰው ምን ይለናል?» አለችውና የመጨረሻውን ሸሚዝ አጠፈች። ይህን በዐሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ለማንም አልተናገረችም።

«ተቀመጪ» አለቻት።

«ተቀምጫለሁ እኮ።»

«እሑድ ዕለት ያልተስማማ ሰው አልነበረም። እኔ ብቻ ነኝ። በስሎ ነበር፤ አልበሰለም አልኩ።»

ዕድላዊት ነገሩ አልገባትም። ከብዶዎት ከሆነ ምንም አይደል፣ ሥርዓቱ ነው አለች።

«አልከበደኝም። ቀናሁብሽ።»

ልጅቷ ትኩር ብላ አየቻት። መጀመሪያ ልትስቅ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ቀረ። «በእኔ?» አለች። «በሰው ቤት ተከራይቼ፣ ባሌ ሄዶ ይመለስ አይመለስ ሳላውቅ... በምኔ?»

«አትሂድ ብለሽዋል። እሱም ሰማሽ።»

«እርስዎስ?»

የወይንሐረግ ባዶውን የውሃ ብርጭቆ አነሣች። ዕድላዊት ግን ባለመመለሷ ውስጥ የሰማችው ነገር ነበር መሰል፣ ፊቷ ተለወጠ፤ ያዘነችው ግን ለአማኑ እንጂ ለእሷ አልነበረም። ብድግ አለች።

«በግልጽ ሳይቀየሙኝ መቅረትዎ ነው የሚያሳዝነኝ» አለች። «ቢቀየሙኝ የእርስዎ ቃል መሆኑን አውቅ ነበር። እኔ እኮ እግዜር ነው የተናገረው ብዬ ባሌን መልሼ አሳምኛለሁ።» ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ለዚህ ነው የከበደው።

ያን ዕለት መንገድ ስላልነበረ ዕድላዊት ሰበታ አደረች፤ ብዙም አልተነጋገሩም። ለአማኑ ቢደወልለት ስልኩ ዝግ ነበር። የወይንሐረግ ለኦቦ ተሾመ ደውላ ነገ መምጣት የሚችል ሁሉ እንዲመጣ ለመነች፤ ለምን እንደሆነ ስመጣ እናገራለሁ አለች። ረቡዕ በማለዳ እስከ ዓለምገና በእግር፣ እስከ አየር ጤና በአንድ አይሱዙ፣ ከዚያም እስከ አስኮ በሁለት ታክሲ ሄደው፣ ከአስኮ እስከ ቡራዩ ድንጋይ የተደረደረበትን አስፋልት እየዘለሉ ደረሱ። ዕድላዊት ሲደክማት ትቆማለች፣ የወይንሐረግም አብራት ትቆማለች። ክንዷን ልትይዛት ስትል ዕድላዊት በትሕትና ክንዷን ታሸሻለች።

አምስት ሆነው ክብ ሠሩ። ኦቦ ተሾመ እንደ ልማዳቸው በዝምታ ሊጀምሩ ሲሉ የወይንሐረግ ተነሣች። ደብተሩን ወለሉ ላይ አኖረች። እሑድ ያየችውን አንድነት፣ የዋሸችውን ቃል፣ የዋሸችበትን ምክንያት ተናገረች። ስለ ሸሚዞቹ አልተናገረችም። ጸሐፊነቱን ለሌላ ስጡት ብላ ተቀመጠች።

ማሪቱ ቀድማ ተናገረች። «እኔማ አውቄ ነበር። አባቴ፣ እርስዎም አውቀው ነበር። ሁላችንም አውቀናል። ጸሐፊ አይጠየቅም ብለን ሥርዓቱ ውስጥ ተደበቅን። እሷ በቅናቷ፣ እኛ በጨዋነታችን።»

ኦቦ ተሾመ ደብተሩን ከወለሉ አነሡ። «ዱጋ» አሉ በኦሮምኛ፣ እውነት ነው ማለታቸው ነው። «አንቺው ጻፊው የወይንሐረግ። ከዛሬ በኋላ ሌላ ሰው ይፈለጋል። የዛሬውን ግን አንቺ ነሽ የምትጽፊው።»

ጻፈች። አማኑ ወዳጅ መሆኑን፣ ወዳጆች ሰው ላይ መሣሪያ እንደማያነሡ፣ ይህን የሚለው በኅሊናው እንጂ በፍርሃት እንዳልሆነ፣ ያለ መሣሪያ የሚሰጠውን ሥራ ሁሉ እንደሚሠራ። አነበበችው። በየተራ ተስማማን አሉ። ተራው እሷ ላይ ደረሰ።

«እስማማለሁ» አለች። ከዚያም፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ቅናቱ ግን አልወጣልኝም» አለች።

«ይመዝገብ?» አሉ ኦቦ ተሾመ፣ ሳይወቅሷት፣ ሳያጽናኗትም።

«አይ አባቴ። እሱ የእኔ ነው።»

ጉባኤው ማኅተም አልነበረውም። በማኅተም ፈንታ አምስቱም ፈረሙ፣ የቀበሌ መታወቂያቸውን ቁጥርም ከስማቸው ሥር ጻፉ፤ ነገ ቢመጣብን የት እንዳለን ይታወቅ አለች ማሪቱ። ዕድላዊት ወረቀቱን ደረቷ ውስጥ ከትታ፣ ከማሪቱ ጋር ወደ ሱሉልታ ሄደች። አማኑን ያገኙት ጠመንጃውን ሊረከብ ከተሰለፉት መካከል ነበር፤ ወረቀቱን አንብቦ ከሰልፉ ወጣ።

አለቃው ደብዳቤውን አነበበው። ማኅተም የሌለው ወረቀት ደብዳቤ አይባልም አለ፣ ግን አልቀደደውም፤ ፋይሉ ውስጥ አኖረው። ክሊኒኩ አልሆነም። አማኑ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ታስሮ፣ ዩኒፎርሙን አስረክቦ፣ ያለ ሥራ ወጣ።

በጥር መጨረሻ አንድ እሑድ ከሚስቱ ጋር መጣ፣ ከስቷል። የወይንሐረግን ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት። ዕድላዊት በዐይኗ ብቻ ሰላም አለቻት፤ ከዚያ የሚያልፍ ነገር ገና አልነበራትም፣ የወይንሐረግም አልጠበቀችም። ክቡ ተሠራ፣ ዝምታው ወረደ። ሌሎቹ ዐይናቸውን ጨፈኑ። እሷ አልጨፈነችም። ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው፤ የሰውዬውን የሳሳ ጉንጭ፣ የልጅቷን የገፋ ሆድ። ቅናቱ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ። አላባረረችውም፣ ስሙንም አልቀየረችለትም። ሰዓቱ እስኪሞላ አብራው ዝም አለች።