ከበሩ በላይ የተቀመጠው ምንጣፍ

ሐረር ውስጥ በትንሽ ገንዘብ ቤቷ እንዲያምርላት የምትፈልግ ሴት መጨረሻዋ ኑሀ ዘንድ ነው። መጀመሪያ ሶፋ ቤት ትሄዳለች፤ ዋጋ ትጠይቅና ራሷን ይዛ ትወጣለች። ቀጥላ ስልኳ ላይ የዱባይ ሳሎን እያየች ትቃጠላለች። ሲመርራት አንዷ ጎረቤት፣ «ኧረ መኪና ግርግር ያለችውን ልጅ ለምን አታናግሪያትም?» ትላታለች።

መኪና ግርግር ጀጎል ውስጥ ያለ የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው፤ ስሙን ያወጣለት የስፌት መኪናው ጫጫታ ነው። ኑሀ እዚያ በወንዶቹ ሰፊዎች መሀል ጠባብ ሱቅ ይዛ መጋረጃና የትራስ ልብስ ትሰፋለች። «ልጅ» ይሏታል እንጂ ሠላሳዎቹን አጋምሳለች። አላገባችም። ይህ ገና ከመነሻው መነገሩ ተገቢ ሆኖ አይደለም፤ የከተማው ሰው ስለ እሷ ሲያወራ መጀመሪያ የሚያነሳው ይህንኑ ስለሆነ ነው። እጇ ምን እንደሚሠራ የሚያወራው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም ካወራ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጽጌሬዳ የምትባል መምህርት መጣችባት። አቦከር ሰፈር አዲስ ቤት ገብታ ሳሎኗ አልጥም ብሏታል። ግድግዳው ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ከአዲስ አበባ ላስመጣ ወይ ብላ ፎቶ አሳየቻት። ኑሀ ቤቱን ሄዳ አየችና፣ «ግድግዳሽ ምንም አላጠፋም፤ ያፈነሽ ዕቃው ነው» አለቻት። የፕላስቲክ አበባውን ከነወርቃማ ማስቀመጫው አስወጣች፤ መስኮቱን ግማሽ የጋረደውን ቡፌ ወደ ጓዳ አስገፋች። ከሰልባጅ ክምር ውስጥ የተቀደደ አረንጓዴ ከፋይ መጋረጃ መርጣ ትራሶች ሰፋችበት። ጠርዛቸው ስለተላጠ ነጋዴው የጣላቸውን የቆርቆሮ ሳህኖች ለቅማ በየመጠናቸው ግድግዳው ላይ ደረደረች። አንድ ትልቅ የሐረር ስፌት ደግሞ ገልብጣ አምፖሉን አለበሰችው። ስፌቱን የሸጠችላት ሴት ለምን እንደሆነ ስትሰማ፣ «አምፖል ልታለብሺበት? አስተግፊሩላህ!» ብላ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ራሷም ቤት አንድ ተሰቅሎ ታይቷል፤ ማን እንደሰቀለው ግን አልተናገረችም።

ጽጌሬዳ ሳሎኗ መሀል ቆማ እየዞረች አየች። «የሰው ቤት እንዲህ ያደረግሽ፣ የራስሽማ ምን ይመስል!» አለች።

ኑሀ ሳቀችና ወሬ ቀየረች። ወደ ጀጎል ስትመለስ ግን ፊቷ እንደጋለ ነበር። የራሷ ቤት ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ከእናቷ ከሐዲያ ጋር የምትኖርበት የድንጋይ ቤት ኖራው ተቀርፏል፤ ስፌቶቹ ሳጥን ውስጥ ተቆልፈዋል። ሰው የሚቀመጥበት ከፍ ያለው መደብ፣ ነደባው፣ ያለበሰው አንድ ያረጀ ሰሌን ብቻ ነው። ለእናትና ለልጅ ብሎ ማን ቤት ያስጌጣል? ቤት የሚያምረው ለሰርግ፣ ለእንግዳ፣ ለባል ነው። ኑሀ ይህን ማንም ሳይነግራት ተቀብላ ኖራለች፤ አሁን ስታስበው ራሷ ላይ ተናደደች።

ከነደባው ትይዩ፣ ከበሩ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ደግሞ ምንጣፉ አለ። የጀጎል ሰው ሴት ልጁ ለትዳር ስትደርስ ምንጣፍ ጠቅልሎ ከበሩ በላይ ያስቀምጣል። እንግዳ ነደባው ላይ ሲቀመጥ ፊት ለፊት ያየዋል፤ ማንም አፍ አውጥቶ መናገር አያስፈልገውም። ልጅቷ ስታገባ ይወርዳል። እዚህ ቤት ድሮ ሁለት ነበሩ። የታናሽ እህቷ የዓቢር ከወረደ ቆይቷል። የኑሀ ግን አባቷ ታጁዲን ከጅቡቲ ካመጣው ቀን ጀምሮ እዚያው ነው። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ንጹሕ ሱፍ እንደሆነ፣ ቀይ እንደሆነ፣ አበባ እንዳለው ትዝ ይላታል። በየዓመቱ ለአረፋ እናቷ ላዩን በእርጥብ ጨርቅ ያብሱታል፤ ተዘርግቶ ግን አያውቅም።

ኑሀ ሱቋን ዘግታ ቤቷን ያዘች። ግድግዳውን ኖራ ቀባች፤ ነደባውን እንደ ወጉ ቀይ አፈር በጥብጣ አቀላችው። ስፌቶቹን ከሳጥን አውጥታ አራግፋ ሰቀለች። ከሌላ ሰው መጋረጃ በተረፉ ቁርጥራጮች የጓዳውን በር ጋረደች። ወይዘሮ ሐዲያ መጀመሪያ፣ «ምን ልትሆኚ ነው?» አሉ፤ በኋላ ግን፣ «ያቺኛዋን ስፌት ትንሽ ከፍ አድርጊያት» ማለት ጀመሩ። ቤቱ ሲነቃ አብረው ነቁ።

ኑሀ መሰላሉን በሩ ሥር ስታቆም ግን የያዙትን መቁጠሪያ፣ ሙስበሃቸውን፣ አስቀመጡ።

«እሱን አትንኪ።»

«እማዬ፣ ነደባው ባዶ ነው። አንቺ ጉልበትሽን እያመመሽ ሰሌን ላይ ትቀመጫለሽ፣ ሙሉ የሱፍ ምንጣፍ ደግሞ ከራሳችን በላይ ተኝቷል።»

«አባትሽ ለሰርጓ ቀን ነው ብሎ ነው የሰጠኝ። አደራ ነው።»

«አባቴ፣ አላህ ይርሀመው፣ የገዛው እንድቀመጥበት ነው እንጂ አንጋጥጬ እንዳየው አይደለም።»

«ሳታገቢ ከወረደ በቃ ቀረች ይላሉ፣ ልጄ።»

«አሁንስ ምን እያሉ ነው?»

ወይዘሮ ሐዲያ ሰዎች የሚሉትን ያውቁታል። ቆሞ ቀር ነው የሚሏት። ይህን ቃል ያወጣው ሰው አይታወቅም፤ ቢታወቅ ግን ኑሀን ቆማ ያያት መቼ እንደሆነ ይጠየቅ ነበር። ኑሀ አባቷ ከሞተ ጀምሮ አንድ ቀን ቆማ አታውቅም። የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ነው የእናቷን መድኃኒት፣ የእህቷን ሰርግ፣ የጣሪያውን ጥገና የቻለችው።

መሰላሉ ላይ ሁለት ደረጃ እንደወጣች በሩ ተከፈተ። የገቡት አክስቷ ዐረፋት ናቸው፤ የእናቷ ታላቅ እህት። እሳቸው በር አንኳኩተው አያውቁም።

«አሰላሙ ዐለይኩም! ማሻአላህ፣ ማሻአላህ! ቤቱ ሙሽራ መስሏል! ማን ነገራችሁ?»

«ምኑን?» አሉ ወይዘሮ ሐዲያ።

«ነገ ከዐስር ሶላት በኋላ እንግዳ እንዳለባችሁ ነዋ! የሀፊዝ እህቶች ከድሬዳዋ እየመጡ ነው። ሀፊዝ፣ ባለ ጎማ ሱቁ። ሚስቱ ከሞተች ዓመት አልፏል። ጨዋ ሰው ነው፣ ወላሂ። ልጅ አለኝ ብሎ አልደበቀም፤ አራት ናቸው።» ዐረፋት ይህን ጊዜ ቀና አሉ። «አንቺ ደግሞ እዚያ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ምንጣፉን ላወርድ ነው፣ አክስቴ።»

«ዛሬ? አቦ፣ ጤነኛ ነሽ? ሴቶቹ ገብተው ሲቀመጡ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው!»

«እኔን ይዩ።»

«እህቴ፣ ተናገሪያት እንጂ!» አሉ ዐረፋት ወደ ወይዘሮ ሐዲያ ዞረው። ወይዘሮ ሐዲያ ሙስበሃቸውን መልሰው አነሱ።

ኑሀ ሀፊዝን አታውቀውም፤ ልትጠላውም ምክንያት የላትም። ጨዋ ሊሆን ይችላል። ያንገበገባት ሌላ ነው። ገና ቤቷን ለራሷ አድርጋ ሳትጨርስ፣ ለነገ እንግዳ ያስጌጠችው ሆኖ ተቆጠረባት። ልታለቅስ ነበር፣ ግን ማልቀስ አልፈለገችም።

«እንግዶቹ ይምጡ» አለች። «ቤታችን ነው፣ በወጉ እንቀበላቸዋለን። ምንጣፉ ግን ይወርዳል።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ያሉሽን በሰማሽ ገበያም ባልወጣሽ ይባላል፣ አክስቴ። የእኔ ውሎ ደግሞ ገበያ ነው።»

«እኔ እለምንሻለሁ፣ እስከ ነገ ብቻ። አንድ ቀን ምን ይልሻል?»

ወይ ፍንክች! ኑሀ ሁለት እጇን ዘርግታ ጥቅሉን አቀፈችውና ሳበችው። ከጠበቀችው በላይ ከበዳት። አቧራው ሦስቱንም ሴቶች አሳላቸው። ተሸክማው ወረደችና ነደባው ጫፍ ላይ አስቀምጣ ዘረጋችው።

የመጀመሪያው አንድ ክንድ ያህል ሲዘረጋ ቀዩ ቦግ አለ። መሀሉ ላይ ሰማያዊ አበባ ነበረው። ዐረፋት እንኳ ቁጣቸውን ረስተው፣ «ማሻአላህ!» አሉ። ኑሀ ገፋ አደረገችው። ትንንሽ ግራጫ ብሎች ተነሥተው በረሩ። ከዚያ በኋላ ያለው ቀይም፣ ሰማያዊም አልነበረም። ሱፉ እየተበላ ክሩ ብቻ ቀርቷል፤ አንዳንድ ቦታ ክሩም የለም። በዘረጋችው ቁጥር ዱቄት ይረግፋል። ወይዘሮ ሐዲያ እጃቸውን ሰደው አንዱን ቀዳዳ ዳሰሱ፤ እጃቸው እስከ አንጓው ድረስ ገባ።

«ሱብሃነላህ» አሉ። «በየዓመቱ አብሰው ነበር እኮ።»

ቀድመው የነቁት ዐረፋት ናቸው። «ጠቅልይው!» አሉ። «ቶሎ በይ፣ ጠቅልይው። ላዩ ደህና ነው። መልሰሽ አስቀምጪው፤ ከውጭ ምንም አይታይም።»

ኑሀ አክስቷን አየቻቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይወዷታል። የሚያሳዝነውም ይሄው ነው። ይህን ሁሉ ዓመት «ደህና ነሽ?» ሲሏት «አልሐምዱሊላህ» ብላ ስትመልስ፣ በሰው ሰርግ ላይ ስታጨበጭብ፣ ስትስቅ፣ «ላንቺም ያምጣልሽ» ተብላ ስትመረቅ፣ እሷም ከውጭ ምንም አይታይባትም ነበር።

«አይታይም» አለች። «እኔ ግን አየሁት።»

ሄዳ ከሥራ ቦርሳዋ ትልቁን መቀስና ጠመኔ አመጣች። ምንጣፉን ገልብጣ ጀርባውን አደረገችና ተንበረከከች። ብል ያልነካውን እየለየች በጠመኔ ማስመር ጀመረች።

«ይሄ ረጅሙ ለነደባው ፊት ይሆናል። ይሄ የእማዬ መቀመጫ ነው፤ ከሥሩ የጥጥ ፍራሽ አደርግለታለሁ። እነዚህ ትራስ ይወጣቸዋል። አበባው ያለበት ለእኔ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ከቆረጥሽው አይመለስም!»

«ለዚያው ነው የምቆርጠው።»

መቀሱን ጠርዙ ላይ ከፍታ ያዘችው። ያን ጊዜ ግን ቀና ብላ እናቷን አየች። አክስቷን እምቢ ማለት አንድ ነገር ነው፤ ሰፈሩን እምቢ ማለትም አንድ ነገር ነው። እናቷ ቢያለቅሱ ግን ምን ታደርጋለች? ቆርጣ ትጨርሰው እንደሆነ ራሷም አታውቅም ነበር።

ወይዘሮ ሐዲያ አላለቀሱም። ጣታቸው ላይ የቀረውን የሱፍ ብናኝ አሻሹት።

«ታጁዲን ለብል አልገዛውም» አሉ በመጨረሻ።

ከዚያም ያን የሚያማቸውን ጉልበት ቀስ አድርገው አጥፈው ተቀመጡና የምንጣፉን ሌላ ጫፍ በሁለት እጃቸው ወጥረው ያዙላት።

«ቁረጪ። ጠርዙ እንዳይተረተር ግን ደኅና አድርገሽ ስፊው።»

መቀሱ ወፍራሙን ሱፍ ሲበላው ድምፁ ቤቱን ሞላው። ዐረፋት ሻሻቸውን እያስተካከሉ አንዴ በሩን፣ አንዴ ባዶውን መደርደሪያ ያያሉ።

«የነገዎቹ ሴቶችስ?» አሉ። «ገብተው ምንጣፉን ሲያጡት ምን ይላሉ?»

«አያጡትም» አሉ ወይዘሮ ሐዲያ፣ ጫፉን እንደወጠሩ። «ይቀመጡበታል።»