ጨዋዋ ሴትዮ

የጥርስ ሐኪሟ አልዋሸችኝም። «እናቴ፣ ጥርስ በተነቀለበት ቀን የሚገጠም ሰው ሠራሽ ጥርስ ቀድመን አፍዎ ላይ አንሞክረውም። ቁስሉን ይጫናል፣ አነጋገርዎን ይለውጣል፣ እብጠቱ ሲጎድል ደግሞ ይላላል። ድድዎ እስኪደርቅ ሦስት ወር ቢታገሡ ይሻላል» ብላኛለች።

የምን ሦስት ወር! ባለቤቴ ዓይኑ ከጠፋ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሐሳቡም ይዋልላል። እኔን የሚያውቀኝ በድምፄ ብቻ ነው፤ ከሌላ ሰው እጅ አይጎርስም። በባዶ ድድ ብኮላተፍ ባይለየኝስ ብዬ ፈራሁ። የላይ ጥርሶቼን አስነቅዬ፣ እዚያው ወንበር ላይ አዲሶቹን አስገጥሜ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ «ሾርባ አምጥቼልሃለሁ» አልኩት። ድዴ እንደ እሳት ይለበልበኛል፤ ጥርሱ እንዳይወልቅ ብዬ ቃላቱን አንድ በአንድ፣ በቀስታ ነው ያወጣኋቸው። ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

«እርስዎ ማን ነዎት?»

አርባ ዓመት ሙሉ «አንቺ» ሲለኝ የኖረ ሰው!

«እኔ ነኛ፣ ሚስትህ።»

«ኧረ በሕግ አምላክ! ሚስቴን ይጥሩልኝ።»

ሁለት ቀን ከውሃ በቀር ምንም አልቀመሰም። በለሰለሰ አንደበት ሳባብለው እንደ እንግዳ ያመሰግነኛል፤ አፉን ግን አይከፍትም። ጉንጩ ሲጎድል እያየሁ ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ። ምን አስቸኮለኝ? ደክሞኛል፣ በጣም ደክሞኛል።

በሦስተኛው ቀን አዲሱ ጥርሴ መንሸራተት ጀመረ። ማንኪያውን ሳስጠጋለት እጄን ገፋኝና ሾርባው ቀሚሴ ላይ ተደፋ። በቃኝ! ጥርሴን ከአፌ አውልቄ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት።

«አንተ ግትር! ልትሞትብኝ ነው እንዴ? አፍህን ክፈት ብያለሁ!»

ግማሹ ቃል ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ ምራቄ አገጬ ላይ ወረደ።

ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ። ከዚያ አፉን ከፈተ።

«የት ጠፍተሽ ነው?» አለኝ ከዋጠ በኋላ። «ደግሞ ጨው የለውም።»

«ዝም ብለህ ብላ!»

ሳህኑን ጨረሰው። አፉን ስጠርግለት እጄን ያዘኝ።

«ያቺን ሴትዮ እንዳትቆጫት» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጨዋ ናት። ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ሰምቻታለሁ።»