ዕድሩ የመረጠው ሜዳ

«የሚሞተው ሰማይ ላይ ከሆነስ?» አለ የዕድሩ ጸሐፊ ኡርጌሳ፣ የመተዳደሪያ ደንቡን እያገላበጠ። «አንቀጽ ዘጠኝ ‹ከከተማው ክልል ውጭ› ይላል እንጂ ስለ ላይ የሚለው የለም።»

«የሚቆጠረው የወደቀበት ቦታ ነው» አሉ የዕድሩ ዳኛ ጋሽ መሸሻ። «እዚህ ተነስቶ ሱሉልታ ቢወድቅ የሱሉልታ ነው።»

«እዚያ ተነስቶ እዚህ ቢወድቅስ?»

«የኛ ነው። ድንኳን እንተክላለን።»

ደሳለች ከአግዳሚው ጫፍ ተቀምጣ ነጠላዋን አስተካከለች። ነገሩን ያመጣችው ራሷ ስለሆነች የምትቆጣው ሰው አልነበራትም። ከወር በላይ ከከተማ የሚወጣ ቤተሰብ ያለው አባል ጸሐፊው ዘንድ ማስመዝገብ አለበት። እሷም ሊሆን ይችላል ብላ፣ ልጇን ጌቱን አስከትላ ለማሳወቅ ያህል ነበር ወደ ጋሽ መሸሻ ግቢ የመጣችው። ግን እሑድ ነበር፤ ወርኃዊ ስብሰባ ነበር፤ አባላቱ ደግሞ ከጠዋቱ የቀበሌ ስብሰባ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲያጨበጭቡ ቆይተው፣ በገዛ አፋቸው የሚናገሩበት ጉዳይ አምሯቸው ነበር የመጡት።

ጌቱ የአብራሪነት ትምህርት መግቢያ ፈተናውን አልፏል። ሠልጣኞቹ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት የሚለማመዱበትን ቦታ እንዲመርጡ ቅጽ ተሰጥቷቸዋል። አንዱ የከተማው ትልቁ አየር ማረፊያ ነው፤ ሌላው ጨፌ የሚባል፣ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ቆላ ውስጥ ያለ የሣር ሜዳ። ቅጹ የወላጅ ፊርማ ተደርጎበት ሰኞ ጠዋት መመለስ አለበት።

«ልጁ ራሱ ያስረዳ» አሉ ጋሽ መሸሻ። «ተነስ ጓድ ጌቱ።» የጠዋቱ ስብሰባ ገና ከአፋቸው አልወጣም ነበር።

ጌቱ ተነሳ። «እ... ማለቴ፣ እዚህ መቆጣጠሪያ ማማ አለ። ትልልቅ አውሮፕላኖች አሉ። በሬዲዮ እየተነጋገሩ ተራ መጠበቅ ነው። ጨፌ ደግሞ ማንም የለም።»

«ማንም የለም?» አሉ የዕቃ ቤት ኃላፊዋ እትዬ አስቻለች። «ብትጠፋ ማንን ትጠይቃለህ?»

«ላሞች አሉ፤ ሜዳው ላይ ይግጣሉ። ከማረፋችን በፊት ዝቅ ብለን በላያቸው እናልፋለን። በርግገው ሲለቁልን ዞረን እናርፋለን።»

«የሰው ላም እያስበረገጋችሁ! ባለቤቱ ዝም ይላል?»

«ለምዷል፣ እትዬ።»

«ላሟስ ለምዳለች?»

ግቢው በሣቅ ተሞላ። ጋሽ መሸሻ ጠረጴዛውን መቱና አንቀጽ ዘጠኝ እንደገና እንዲነበብ አዘዙ። ኡርጌሳ ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ። ከከተማው ክልል ውጭ ለሚሞት አባል ወይም የአባል ቤተሰብ ድንኳን አይተከልም፤ አስከሬን የማምጣቱም ነገር የቤተሰቡ ፋንታ ነው። ደሳለች አንቀጹን ታውቀዋለች። ከአራት ዓመት በፊት ባሏ ጥጥ ሊገዛ አርባ ምንጭ ወርዶ እዚያው ሲቀር ተነቦላት ነበር። ያኔ እስኪጨርስ ጠብቃዋለች፤ አሁንም እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«እንግዲህ ልጁ ከተማው ውስጥ ይለማመድ የምትሉ...» አሉ ጋሽ መሸሻ፤ ሳይጨርሱት እጆች ወጡ። ሰዉ እጅ ማውጣት ለምዶበታል። ሠላሳ አንድ ለከተማው፣ ሁለት ለጨፌ። ከሁለቱ አንዱ ወደ ሽንት ቤት ለመሄድ ፈቃድ እየጠየቀ እንደነበር በኋላ ታወቀ።

ደሳለች ደረቷ ቀለል አላት። ሠላሳ አንድ ሰው ልጇን ማታ ማታ ወደ ቤቷ መለሰላት። እሷ አላለችም፤ ዕድሩ ነው ያለው።

«እኔም ከተማውን ነው የመረጥኩት» አለ ጌቱ ፈጠን ብሎ፣ ቅጹን ከኪሱ እያወጣ። «ፊርማሽ ብቻ ነው የቀረው፣ እማዬ።»

ቅጹን ተቀበለችው። ከተማው በሚለው ትይዩ በእርሳስ ምልክት ተደርጓል፤ ቀጭን፣ ወረቀቱን ፈርቶ የነካ የሚመስል ምልክት። ልጇ እንዲህ አይጽፍም። ሲጽፍ ጀርባው ላይ እስኪታይ ተጭኖ ነው።

«እዚህ በቀን ስንት ጊዜ ታርፋላችሁ?» አለችው።

«አንድ ጊዜ። ትልልቆቹ ካልበዙ ሁለት።»

«ጨፌስ?»

ጌቱ የሸሚዙን ቁልፍ ይነካካ ጀመር።

«ጌቱ።»

«አሥር።»

ባሏ ሽመና ሲያስተምር ጀማሪን መንገድ ዳር አያስቀምጥም ነበር። ከጓሮ አስቀምጦ፣ ሲበላሽበት እያስፈታ፣ እንደገና እያሠራ እጁን ያስለምደዋል። ገዢ የሚያየው ጀማሪ እጁ ይታሰራል ይል ነበር። ሽሮሜዳ ጋቢ ስትሸጥ በኖረችባቸው ዓመታት ከጓሮ የጀመረውንና ከመንገድ ዳር የጀመረውን ሸማኔ ከጋቢው ጠርዝ መለየት ለምዳለች።

«ሬዲዮውንስ? ማማውንስ መቼ ትማሩታላችሁ?»

«ከሦስት ወር በኋላ ሁላችንም እዚህ ነን።»

«ታዲያ ከተማውን ለምን አልክ?»

ልጁ ጫማውን አየ። «ቤት ውስጥ ከአንቺ ጋር ማን አለ ብዬ ነዋ።»

«ምነው!» አሉ እትዬ አስቻለች ብድግ ብለው። «እኛ ሰው አይደለንም? አንተ ቤቱን በክንፍህ ይዘኸው ልታድር ኖሯል?»

ሰዉ እንደገና ሣቀ። ደሳለች አልሣቀችም፤ ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በመዳፏ አለሰለሰችው። አሥር ጊዜ መነሳት አሥር ጊዜ መውደቅም ሊሆን እንደሚችል አልጠፋትም። አንድ ጊዜ ብቻ እያረፈ የሚለማመድ እጅ ግን ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ ታውቃለች።

ኡርጌሳ ቃለ ጉባኤውን መጀመሪያ በእርሳስ ነው የሚጽፈው፤ ጋሽ መሸሻ ሐሳባቸውን ይለዋውጣሉ። ወደ እሱ ዘንበል አለች።

«ኡርጌሳ፣ እስቲ ላጲስህን አውሰኝ።»

ሳያስብ ሰጣት። ምልክቱን አጠፋችው። ፍርፋሪውን በትንሿ ጣቷ ጠረገች፤ ከዚያ ከጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶ አንስታ ጨፌ በሚለው ትይዩ ተጭና ምልክት አደረገችና ፈረመች።

«ደሳለች!» አሉ ጋሽ መሸሻ ከወንበራቸው ተነስተው። «ድምፅ ተሰጥቶበታል እኮ! ሠላሳ አንድ ሰው!»

«ሰምቻለሁ፣ ጋሽ መሸሻ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ቅጹን ለልጇ አቀበለችው፤ ላጲሱን ከተከፈተው ቃለ ጉባኤ ላይ አስቀመጠችው።

«እንካ» አለችው ኡርጌሳን። «ለአንተም ሳያስፈልግህ አይቀርም።»