ዘመድ ያልሆኑ ሁለት ሰዎች

ቤተሰቡ ሁሉ «ታናሿ» ነበር የሚላት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞልቷት፣ ጸጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ካለም በኋላ ታናሿ ናት። ወንድሟና እህቷ ትዳር ይዘው ወደየከተማቸው ሲሄዱ እናታቸው ዘንድ የቀረችው እሷ ነበረች፤ «እስቲ ለጊዜው» ተብሎ። አንድ ማለዳ እናትየው ከአልጋ ሊነሱ ሲሉ ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው። ያ «ለጊዜው» ዘጠኝ ዓመት ሆነ።

በነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ታናሿ በየሁለት ሰዓቱ እናቷን ስታገላብጥ፣ ስታጥብ፣ በማንኪያ ስታጎርስ ኖረች። ጓደኞቿ መጀመሪያ እየመጡ ይጠይቋት ነበር፤ ኋላ በስልክ ሆነ፤ ኋላ እሱም ቀረ። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሰው የራሱ ኑሮ አለው። ትሠራበት የነበረው የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጥቂት ወራት ጠብቋት ሌላ ሰው ቀጠረ።

እናትየው ሲያርፉ ቤቱ ለአንድ ሳምንት በሰው ተሞላ። ወንድሟ መጣ፣ እህቷ መጣች፣ ተለቀሰ፣ ወንበር ከየቤቱ ተለቀመ። ከዚያ ወንበሩም ሰዉም ወደየመጣበት ተመለሰና በሩን ዘግታ ብቻዋን ቀረች። ቤቱ ጭር አለ። ሁለት ሰዓት በሞላ ቁጥር ግን እግሯ ሳታዘው ይነሳል። የእናቷን ክፍል ከፈት ታደርግና የተነጠፈውን ባዶ አልጋ አይታ ትመለሳለች። «አበድኩ መሰለኝ» ትላለች ለራሷ። የሚሰማት ስለሌለ ድምጿን ዝቅ አታደርግም።

በሦስተኛው ሳምንት ቤት ለቤት የምትዞረው ነርስ ለበሽተኛዋ ተውሰው የነበረውን የአየር ፍራሽ ልትወስድ መጣች። ወደዚህ ሰፈር ከተመደበች ገና ስድስት ወሯ ነው። ፍራሹን አስተንፍሳ እየጠቀለለች ሳለ ቆም አለች።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች። «ዘጠኝ ዓመት የተኛ ሰው ጀርባ እንደ እናትሽ ንጹሕ ሆኖ አይቼ አላውቅም። አንድ የአልጋ ቁስል የለም። ሆስፒታል ውስጥ እኮ በሦስት ሳምንት ነው የሚወጣው።»

«ሌላ ምን ሥራ ነበረኝ ብለሽ ነው፣ ሲስተር።»

«ለምን አትማሪውም? የነርስነት ዲግሪውን።»

ታናሿ ሳቀች። ነርሷ ግን አልሳቀችም። ፍራሹን በብብቷ ሸጉጣ ወጣች፤ ነገሩ ግን ታናሿ ጆሮ ውስጥ ቀረ።

የኮሌጁ ሬጅስትራር መስኮት ላይ የተቀመጠችው ሴትዮ ቀና እንኳ ሳትል «ለልጅሽ ነው?» አለቻት።

«ለራሴ ነው።»

ሴትዮዋ ቀና አለች። ታናሿ ፊቷ ጋለ።

«ዕድሜ አይከለክልም?»

ሴትዮዋ የመግቢያ መስፈርቱን ወረቀት ከላይ እስከ ታች በጣቷ እየተከተለች አየችው። «ዕድሜ አልተጻፈም። ያልተጻፈ አይከለክልም» አለችና በመስኮቱ ሥር አሾለከችላት።

ታናሿ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቁጭ ብላ አነበበችው። የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ሰርተፍኬት፣ በባዮሎጂና በኬሚስትሪ የማለፊያ ውጤት ያለበት። የመግቢያ ፈተና። የጤና ምርመራና የጉበት በሽታ ክትባት። ቃለ መጠይቅ። ከሁሉ በታች ደግሞ «አመልካቹን ቢያንስ ለሁለት ዓመት በቅርብ ከሚያውቁ፣ ዘመድ ካልሆኑ ሁለት ሰዎች የተጻፈ የምስክርነት ደብዳቤ» ይላል።

ሰርተፍኬቱ ከሻንጣ ሥር ጥጉን ብል በልቶት ተገኘ። ክትባቱን ተወጋች። ኬሚስትሪው ከአእምሮዋ እንደ ጉም በኖ ጠፍቷል፤ ቢሆንም ኬሚስትሪ ይጠናል። ሰው ግን አይጠናም። ማታ እራቷን ከበላች በኋላ እርሳስ ይዛ የሚያውቋትን ሰዎች ስም ልትጽፍ ተቀመጠች። ነርሷ ስድስት ወር ብቻ ነው። የመደብሩ ባለቤት ነፍሳቸውን ይማርና ሞተዋል። ከጓደኞቿ የሦስቱን ጻፈችና ዛሬ የት እንደሚኖሩ እንኳ እንደማታውቅ ትዝ ሲላት ሦስቱንም አጠፋች። ወረቀቱ ላይ የላጲስ ፍርፋሪ ብቻ ቀረ። የዘጠኝ ዓመቱ ነገር ያኔ ነው የገባት። እናቷ ከሞቱ ወዲህ እንደዚያን ዕለት ሆድ ብሷት አያውቅም።

ለወንድሟ ደወለች።

«እሱ ምን ችግር አለው?» አለ። «አንድ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ይጽፍልሻል። ትልቅ ሰው ነው፣ ማኅተምም አለው።»

«አያውቀኝማ፣ ጋሼ።»

«እኔ አውቅሽ የለ እንዴ? እነግረዋለሁ።»

ደብዳቤው በሳምንቱ ደረሳት። ማኅተሙ ደማቅ ሰማያዊ ነው። «ተጫዋች፣ ተግባቢ፣ በሥራ ባልደረቦቿ ዘንድ እጅግ ተወዳጅ» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ይቺን ሴትዮ ባውቃት ደስ ባለኝ፣ ስትል አሰበች። ወደ ፖስታው መልሳ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ለወንድሟ «አመሰግናለሁ» አለችው እንጂ እንደማታስገባው አልነገረችውም።

በማግሥቱ ወደ ማዕዘኑ መድኃኒት ቤት ሄደች። ፋርማሲስቱ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ የሚያንጠለጥል ቀጭን ሰው ነው፤ የሰፈሩ ሰው «ዶክተር» ይለዋል፣ እሱም አያርምም። እሷን ሲያይ ከልማዱ የተነሳ እጁ ወደ ደም ግፊቱ መደርደሪያ ተዘረጋ፤ ወዲያው ትዝ አለውና እጁን ሰበሰበ።

የመጣችበትን ነገረችው። እየተንተባተበች «ዘጠኝ ዓመት ስመላለስ ስለሚያውቁኝ» አለች።

ወረቀት አወጣ፣ እስክሪብቶ ነቀለ፣ ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «እህቴ፣ አትቀየሚኝና... ስምሽ ማን ነው?»

ማዘዣው ላይ የነበረው ምንጊዜም የእናቷ ስም ነበር። ስሟን ነገረችው። እሱም ጻፈና እስክሪብቶውን እንደያዘ በመስታወቱ በር ወደ መንገዱ አየ።

«ያንን ቀን ልጽፈው ነው» አለ።

«የቱን?»

«ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። ከአምስት ዓመት በፊት በጣም ደክሞት በነበረ ቀን የእናቷን የልብ መድኃኒት ሲሰጣት ከታዘዘው አራት እጥፍ የሚበልጠውን አነሳ። ካርቶኑ ያው ነው፣ ስሙ ያው ነው፤ እሷ ግን ቤት ደርሳ ከአሮጌው ጋር ስታስተያየው ክኒኑ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ተለየባት። ተመልሳ፣ መድኃኒት ቤቱ ባዶ እስኪሆን ውጭ ጠብቃ ገባች፣ ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ አኖረች፣ «ይሄ ተሳስቷል መሰለኝ» ብቻ አለችው። ከዚያ ወዲያ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

«ይጎዳዎታል፣ ዶክተር» አለችው። «ሌላ ነገር ይጻፉ።»

«ሌላ ስለ አንቺ የማውቀው የለኝም» አለ። «የማውቀው ይሄንን ነው። ከዚህ በላይ ስለ ነርስ ምን ይጻፋል?» አቀርቅሮ ጻፈ። ሲጨርስ ስሙንና የፈቃድ ቁጥሩን አሰፈረበት። ታናሿ ደብዳቤውን በሁለት እጇ ተቀብላ ወጣች።

ማመልከቻው ሊዘጋ ስድስት ቀን ቀረው። ሁለተኛ ሰው የለም። ለፈተናው ማጥናቷን ግን አላቆመችም። ከሰዓት በኋላ መጽሐፉን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋና ጮክ ብላ ታነባለች፤ የሰው ድምፅ ቤቱ ውስጥ እንዲኖር ያህል።

«ሶዲየም፣ ማግኒዚየም፣ ሲሊከን፣ ፎስፈረስ...»

ግድግዳው ተደበደበ።

ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። እናቷ በሚጮሁባቸው ዓመታት ሁለት ሦስቴ ግድግዳውን ደብድበው ያውቃሉ፤ ደረጃ ላይ ሲተላለፉ ባርኔጣቸውን ነካ ከማድረግ አልፈው አነጋግረዋት አያውቁም። ታናሿ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ይቅርታ ልትጠይቅ ሄደች።

በሩን ከፈቱ። ሹራባቸውን ገልብጠው ለብሰዋል።

«ይቅርታ፣ አባባ። ድምፄን እቀንሳለሁ።»

«ኧረ እሱን አይደለም» አሉ። «አሉሚኒየምን ዘለልሽው።»

«ምን አሉኝ?»

«ከማግኒዚየም ቀጥሎ አሉሚኒየም አይደለም እንዴ? ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትይው ሰምቼ የለም? ዛሬ ስትዘልዪው ጊዜ አላስችል አለኝ።»

ታናሿ አፏን በእጇ ያዘች፤ ሳቁ ግን አመለጣት። ለብዙ ወራት ከልቧ ስቃ ስለማታውቅ ድምፁ የሌላ ሰው መሰላት። ሽማግሌው ወደ ውስጥ አስገብተው ሻይ አፈሉላት። ክፍላቸው የእሷው ክፍል ተገልብጦ የተሠራ ያህል ነው፤ አልጋቸው የእናቷ አልጋ ከተጠጋበት ግድግዳ ጋር በወዲያ በኩል ተጠግቷል። ስለ ፈተናው ሲጠይቋት ተናገረች፣ ሳታስበውም ስለ ደብዳቤው ጨመረች።

«ስንት ዓመት አውቃለሁ ማለት አለበት?»

«ሁለት።»

«እኔ ዘጠኝ ዓመት ሰምቼሻለሁ» አሉ። «መስማት ይቆጠራል?»

በአውቶቡሱ የጉዞ መዝገብ ላይ ሲጽፉ በኖሩበት ትልልቅ ፊደል እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ይህችን ልጅ ያየኋት ጥቂት ጊዜ ነው። የሰማኋት ግን ዘጠኝ ዓመት ነው፤ ግድግዳው ስስ ነው። እናቷ ሲሰድቧት ሰምቻለሁ። እሷ ስትመልስ ግን አንድ ቀን አልሰማሁም። አንዳንዴ ወጥ ቤት ገብታ ታለቅሳለች። ከዚያ ውኃ ይከፈታል፣ ፊቷን ትታጠባለች መሰለኝ። ከዚያ ተመልሳ ‹እማዬ፣ መጣሁ› ስትል ድምጿ እንዳላለቀሰ ሰው ነው። እኔ ሰው የለኝም። ብታመም እንደሷ ያለ ሰው ቢያስታምመኝ እወዳለሁ።»

ታናሿ እያነበበች አንገቷ ድረስ ቀላች። ያ ሁሉ ለቅሶ የራሷ ብቻ መስሏት ነበር። ወረቀቱን ቀዳ ልትጥለው ሁሉ ከጅሏታል። ሽማግሌው ፊቷን አይተው «ካልሆነ እናስተካክለው» አሉ።

«አይ» አለች። «እውነት ነው።»

የሬጅስትራሯ ሴትዮ «የሥራ ኃላፊነት» የሚለው ቦታ ላይ «ሹፌር፣ በጡረታ» የሚለውን አይታ «ባለሥልጣን ቢሆን ይመረጥ ነበር» አለች።

«ተጽፏል?»

ሴትዮዋ ትንሽ አሰበችና ማኅተሟን መታችበት።

ፈተናውን ለጥቂት አለፈች። ለቃለ መጠይቅ ስትጠራ ሦስት ሰዎች ከረጅም ጠረጴዛ ወዲያ ተቀምጠው ነበር፤ ሁለቱ ወንዶች ስለ ትምህርቷና ስለ ዕድሜዋ ጠየቋት። ሦስተኛዋ ጸጉራቸው ሙሉ በሙሉ የነጣ አሮጊት አስተማሪ ናቸው፤ ሲስተር ይሏቸዋል። ወንዶቹ ሲጠይቁ እሳቸው የምስክርነት ደብዳቤዎቹን ያነቡ ነበር።

«እናትሽን ነው ያስታመምሽው» አሉ በመጨረሻ። «እናት ትወደዳለች። የማታውቂው ሰው፣ እያጠብሽው የሚሰድብሽ ሰው ሲመጣስ?»

ታናሿ ያዘጋጀችው መልስ ነበራት። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«መጨረሻ ላይ ሦስት ዓመት እናቴ አላወቀችኝም። ‹ይቺን ሌባ ከቤቴ አውጡልኝ› ነበር የምትለው። የምትጣራው እህቴን ነው። እኔ እንደሆንኩ ብነግራት ትፈራለች፤ ስለዚህ መንገር ተውኩ። እንደ ባዳ ገብቼ፣ ፈቃድ ጠይቄ ነበር የማጥባት።»

«በፍቅር ነበር?»

«ሁልጊዜ አይደለም። አንዳንዴ ውኃው እንዳይቀዘቅዝ ብቻ ነበር የማስበው።»

ሲስተሯ ፈገግ አላሉም። ወረቀታቸው ላይ አንዲት መስመር ጽፈው «በቃ፣ መሄድ ትችያለሽ» አሏት።

ውጤቱ ሲለጠፍ ስሟ ከተጠባባቂዎቹ መካከል አንደኛ ነበር። ሰሌዳው ሥር ልጆች ከነእናቶቻቸው ይተቃቀፋሉ። ታናሿ መንገዱ ተዘግቶባት ትንሽ ቆማ ጠበቀች፤ ከዚያ በጎን ሾልካ ወጣች። ትምህርት ተጀመረ። ሰው ሳይጠራት ሳምንት አለፈ። መጽሐፎቹን ሰብስባ መደርደሪያ ላይ በሰቀለች በማግሥቱ፣ መስኮት ስትወለውል ስልኳ ጮኸ። አንዲት ልጅ ሕክምና ትምህርት ቤት ገብታ ቦታዋን ለቃለች፤ ታናሿ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት እንድትደርስ ተነገራት።

ስልኩን እንደዘጋች ወደ እናቷ ክፍል ልትነግር ሮጠች። የበሩ ደፍ ላይ ደርሳ ቆመች። ውስጥ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ጨርቁ ከእጇ ላይ ውኃ እያንጠባጠበ፣ እስኪበቃት አለቀሰች። ከዚያ ለወንድሟ ደወለች። «ጎሽ» አላት፤ ስብሰባ ላይ ነበር።

ሰኞ ወደ ክፍል ስትገባ ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። አስተማሪዋ መስላቸው ነው። «ተቀመጡ፣ እኔም ተማሪ ነኝ» አለች። ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ የክፋት ሳቅ አልነበረም። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ከመስኮቱ ጥግ ተቀመጠች። ልጆቹ ሳምንት ቀድመዋት ተዋውቀዋል፤ ሁለት ሁለት ሆነው ያወራሉ። የእሷ አጠገብ ባዶ ነው።

ደወሉ ከተደወለ በኋላ አንዲት ልጅ እያለከለከች ገባች። ክፍሉን በዓይኗ ቃኝታ ወደ ታናሿ ጎንበስ አለች።

«እዚህ ሰው አለ፣ እትዬ?»

«የለም» አለች ታናሿ፣ ቦርሳዋንም አነሳችላት።

ልጅቷ ተቀመጠች፣ ደብተሯን ፈታች፣ ጀርባዋን ሰጥታ ከወዲያ በኩል ካለችው ጓደኛዋ ጋር ማንሾካሾክ ጀመረች። ጸጉረ ነጯ ሲስተር ገብተው ሰሌዳው ላይ «የእጅ አስተጣጠብ» ብለው ጻፉ። ታናሿ እርሳሷን አንስታ ቀኑን ጻፈች፤ ከሥሩም የተባለውን መጻፍ ጀመረች።