ነጭ ሸሚዝ ለባሾቹ

በራሪ ወረቀቶቹ ከግድግዳ የተላጡት ሙጫቸው ሳይደርቅ ስለነበር ዪፕ ሹንፋይ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋቸው ጣቶቹ ተጣበቁ። በሆንግ ኮንግ ዝናብ ጠፍቶ፣ ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ሰውን ያልበው ነበር። እሱ ግን መስኮት መክፈት አይችልም። የዚህ ክፍል መስኮት ከግንቦቱ የሠራተኞች ረብሻ ወዲህ ተቸንክሯል።

ሥራው ማንበብ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የከተማው ኮሚኒስቶች የሚያትሙትንና የሚለጥፉትን ሁሉ እያነበበ ከተማዋን ለሚገዙት እንግሊዞች በቋንቋቸው ሲተረጉም ኖሯል። በየሰኞውም «ምን አዲስ ነገር ታየ?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ገጽ መልስ ይጽፋል።

ዛሬ አዲስ ነገር ነበር። እስካለፈው ሳምንት ወረቀቶቹ ፋብሪካዎቹን በስም እየጠሩ ሠራተኞቹን «ክንድ ለክንድ ተያያዙ፣ ከበሩ አትነቃነቁ» ይሉ ነበር፤ የፖሊስ ዱላም የወረደው በእነሱው ላይ ነው። የዛሬዎቹ የአንድም ፋብሪካ ስም የለባቸውም። «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት። ነጭ ሸሚዝ ልበሱ። አሥር አሥር እየሆናችሁ በየመንገዱ ቁሙ። ሲመጡ ተበተኑ፣ ሲሄዱ ተመለሱ» ይላሉ።

የፋብሪካ ሠራተኛ ነጭ ሸሚዝ አይለብስም። ነጭ ሸሚዝ የተማሪ ነው። ሹንፋይ ነገሩ ሲገባው የእህቱ ልጅ ሱትሃ ፊቱ ላይ ድቅን አለችበት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የምትማረውም እናቷ በምታስተምርበት የኮሚኒስቶቹ ትምህርት ቤት ነው።

ባይጽፈውስ? ብዙ አሰበበት። ፖሊሶቹ ማን እንደሚጠብቃቸው ሳያውቁ ከወጡ እንደ ልማዳቸው ይመታሉ፤ ልጆች መሆናቸውን አስቀድመው ቢያውቁ ግን ምናልባት እጃቸውን ይሰበስቡ ይሆናል። ስለዚህ ሁሉንም ጻፈና መጨረሻው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረ፦ ከፊት የሚቆሙት ልጆች ስለሆኑ ዱላ ባይነሳ ይሻላል።

አለቃው ሚስተር ካርዲው ገጹን ሁለት ጊዜ አነበበው። ነጭ ሸሚዙን ከአንተ በቀር ያስተዋለ የለም ብሎ ከልቡ አመሰገነው። ከዚያ ቀይ እርሳሱን አንስቶ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሰረዛት።

«የእኛ ሥራ እነሱ ምን እንደሚያደርጉ መናገር ነው» አለው፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ። «ፖሊስ ምን ማድረግ እንዳለበት እኛን የጠየቀን የለም።»

ማታ ወደቡን በጀልባ ተሻግሮ እህቱ ዘንድ ሄደ። ከተነጋገሩ ከወር በላይ ሆኗቸዋል። ውሃ በአራት ቀን አንዴ የሚለቀቅበት ጊዜ ነበርና ላይክዋን ባልዲና ድስቶቿን ሁሉ ደርድራ ስትቀዳ አገኛት። ባሏ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝቷል። በግንቦት ወር በወደቡ በር ላይ ጭንቅላቱን ከተመታ ወዲህ የሚስቱን ስም ከልጁ ስም እያምታታ ይጣራል። ሱትሃ ጥግ ላይ ቆማ ሸሚዝ ትተኩሳለች።

«እትዬ፣ ነገ ልጅቷን ከቤት አታስወጫት» አላት። «ልጆቹ ነጭ ሸሚዝ እንደሚለብሱ ፖሊሶቹ ያውቃሉ።»

ባልዲው ሞልቶ ሲፈስ ላይክዋን አላየችውም።

«ማን ነገራቸው?»

ሹንፋይ ጎንበስ ብሎ የሞላውን ባልዲ ከቧንቧው ሥር ሳበ። እህቱ አልጮኸችበትም፤ ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ቧንቧውን ዘጋችና ቀስ ብላ፣ ለሰነፍ ተማሪ እንደምታስረዳ ሁሉ፣ ነገሩን ዘረዘረችለት። ለጓዶቿ ሄዳ ታውቆባችኋል ብትላቸው ከየት ሰማሽ ይሏታል። ከወንድሜ ብትል የሰላይ እህት ትሆናለች። ልጇን ብቻ ለይታ ብታስቀርም ነገ የሌሎቹን እናቶች በምን ዓይኗ ታያቸዋለች?

«ይህን ሸክም አምጥተህ ቤቴ ጣልከው» አለች። «እኔስ የት ልጣለው?»

ሱትሃ ካውያውን አስቀመጠች። «አጎቴ፣ ራት በልተሃል?» አለችው። በልቻለሁ ብሎ ዋሸ። አላመነችውም፤ የሩዝ ገንፎ ቀድታ ሰጠችው። እሱም ሁለቱ ሴቶች እያዩት፣ እስከ መጨረሻው በላው።

በማግስቱ አምስት ሰዓት ላይ አስተርጓሚ ስላነሰ ፖሊስ ጣቢያ ውረድ ተባለ። የተያዙት አርባ ሦስት ናቸው። ፖሊሶቹ በየመንገዱ ቀድመው ቆመው ስለጠበቁ ለመበተን እንኳ ጊዜ አላገኙም። ኮሪደሩ በነጭ ሸሚዝ ተሞልቷል፤ አንዳንዱ ሸሚዝ ግን ነጭነቱ ቀርቷል።

አምስተኛዋ ተረኛ ሱትሃ ነበረች። የታች ከንፈሯ ተሰንጥቋል፤ የግራ እጅጌዋ ከትከሻዋ ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል። ደንቡ ዘመዴ ናት ብሎ ከወንበሩ እንዲነሳ ያስገድደዋል። ሹንፋይ አልተነሳም። ወጣቱ እንግሊዛዊ መኮንን ይጠይቃል፣ እሱ በልጅቷ ቋንቋ ይደግማል፣ መልሷን በእንግሊዝኛ ይመልሳል። ስም። ዕድሜ። ትምህርት ቤት።

«በመንግሥት ሥራ ላይ ያለ ዘመድ አለሽ?»

የመንግሥት ሠራተኛ ዘመድ ያለው ሰው በዋስ ሊለቀቅ እንደሚችል ሹንፋይ ያውቃል። አለኝ ካለች ዝምድናውን ስለደበቀ እሱ እንጀራውን ያጣል፤ እሷ ግን ምናልባት ዛሬውኑ ቤቷ ትገባለች። ጥያቄውን ደገመላት። አለኝ እንድትል ፈለገ። እንዳትልም ፈራ።

ሱትሃ ቀና ብላ ክራቫቱንና ብዕሩን፣ በመጨረሻም ፊቱን አየች። የማታውቀውን ጸሐፊ የምታይ ትመስል ነበር።

«የለኝም» አለች።

መኮንኑ ብዕሩን ይዞ ይጠብቃል። ሹንፋይ ቃሉን በእንግሊዝኛ ተናገረ፤ ተጻፈ። ፖሊሱ ክንዷን ይዞ ሲያስነሳት ሱትሃ በጨዋ ደንብ ራሷን ዝቅ አድርጋ «ስለ ትርጉምዎ አመሰግናለሁ፣ ጌታዬ» አለችው።

በሩ ተዘጋ፤ ወዲያው ደግሞ ተከፈተ። ወንበሩ ላይ ሌላ ነጭ ሸሚዝ ለባሽ ተቀመጠች፤ ከሱትሃም ታንሳለች። ሹንፋይ ስሟን ጠየቃት።